መብራት ከጠፋ በኋላ ኔትወርኩ ስንት ሰዓት ይቆያል?

እናቴ የምትኖረው ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብላ በምትገኝ ትንሽ ከተማ ነው። እኔ ባሕር ዳር ነኝ። ማታ ማታ እንደዋወላለን። ከብቱ ገብቶ፣ እራት ተበልቶ፣ ቤቱ ጸጥ ሲል ያለችው ሰዓት የእኔና የእሷ ናት።

ባለፈው ክረምት ሦስት ቀን ተከታትሎ ማታ ማታ መብራት ጠፋባቸው። ሰኞ 12 ሰዓት ላይ ሄደ። እኛ ግን እስከ 4 ሰዓት ተኩል ያለ ችግር አወራን። ማክሰኞም 12 ሰዓት ላይ ሄደ፤ 2 ሰዓት ሲሆን ወሬያችን መሃል ላይ ተቆረጠ። ረቡዕ ደግሞ መብራቱ በሄደ በግማሽ ሰዓት ኔትወርኩም ተከተለው። ሐሙስ ጠዋት ስትደውል ከሰላምታው ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ይህ ነበር። «ልጄ፣ ሰኞ ዕለት መብራት ጠፍቶም ስልኩ ይሠራ ነበር። ትናንት ምን ነካው? መብራቱ ያው መብራት፣ ስልኩም ያው ስልክ።»

ጥሩ ጥያቄ ነው። ሥራዬ የሶላርና የባትሪ ገጠማ ስለሆነ መልሱን አውቀዋለሁ፤ በአንድ ስልክ ግን የሚያልቅ አይደለም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጽፈው ወሰንኩ። የእናቴን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው በየከተማው አለና።

አንድ ነገር ከወዲሁ ልበል። ኔትወርክ የሚጠፋበት ምክንያት ብዙ ነው። ፋይበር የሚባለው የመገናኛ ገመድ ይቆረጣል፣ ዕቃ ይበላሻል፣ መስመር ይዘጋል። እዚህ የማወራው መብራት ሲጠፋ ተከትሎ ስለሚጠፋው ኔትወርክ ብቻ ነው።

ከታወሩ ሥር ያለው ካቢኔ

የኔትወርክ ታወሩን ቀና ብላችሁ ስታዩ የሚታያችሁ ብረትና አንቴና ነው። ኃይሉ ያለው ግን ከታች ነው። አጥሩ ውስጥ ቁም ሣጥን የሚያክል የብረት ካቢኔ አለ። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የሚሰማው የማራገቢያው ድምፅ ነው፤ እንደ ንብ ቀፎ ሳያቋርጥ ያጉረመርማል። ላይኛው መደርደሪያ ላይ ሬክቲፋየር የሚባሉ ጠፍጣፋ ሳጥኖች ጎን ለጎን ተሰክተዋል። ትናንሽ አረንጓዴ መብራቶች ይታዩባቸዋል። ታችኛው መደርደሪያ ላይ ባትሪዎቹ ተደርድረዋል፤ ወፍራም ጥቁርና ቀይ ኬብል ከአንዱ ወደ አንዱ ያያይዛቸዋል።

ከመንገዱ ፖል የሚመጣው መብራት 220 ቮልት ኤሲ ነው፤ አቅጣጫውን እየቀያየረ የሚሄድ ኃይል። የኔትወርኩ ዕቃ የሚበላው ግን 48 ቮልት ዲሲ ነው፤ እንደ ባትሪ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ። ሬክቲፋየሩ ያንን ወደዚህ ይለውጣል። በዚያውም ሁለት ሥራ በአንዴ ይሠራል፤ ዕቃውን ይመግባል፣ ባትሪውንም ይሞላል።

48 ቮልት የሚለው ቁጥር የመጣው ከድሮው የሽቦ ስልክ ዘመን ነው። አራት ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሲቀጣጠል 48 ይሆናል። ሰው ቢነካው ለሕይወት የማያሰጋ ዝቅ ያለ ቮልቴጅ ነው፤ ለሥራው ግን ይበቃል። ፖዘቲቩ ጫፍ ከመሬት ጋር እንዲያያዝ የተደረገውም እርጥበት ሽቦውን እንዳይበላው ነው። ያ ልማድ እስከ ዛሬው ሞባይል ድረስ ዘልቋል።

ዋናው ነገር ባትሪው ሁልጊዜም ከዕቃው ጋር ተያይዞ መኖሩ ነው። መብራት ሲጠፋ የሚቀያየር ማብሪያ የለም፣ የሚነሳ ሞተር አይጠበቅም። ሬክቲፋየሩ ዝም ሲል ኃይሉ በዚያችው ቅጽበት ከባትሪው ይመጣል። ሰኞ ማታ ክፍሉ ጨልሞ የእናቴ ድምፅ ምንም ሳይቆራረጥ የቀጠለው ለዚህ ነው።

ስለ ቃሉም አንድ ነገር ልበል። በእኛ ዘንድ ባትሪ ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚለን የእጅ ባትሪ ነው። ውስጡ የሚገባውን «ድንጋይ» እንለዋለን። ልጅ ሆነን ያለቀ ድንጋይ ፀሐይ ላይ አስጥተን እንደገና እንሞክረው ነበር፤ ትንሽ ያበራም ነበር። እውነት ነው፣ ሙቀት የባትሪን ውስጣዊ ሥራ ያፋጥነዋል። ለጊዜው ያነቃዋል፣ ዕድሜውን ግን ይበላዋል። ይህን ያዙልኝ፣ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ጎተራው ውስጥ ያለው ሁሉ አይበላም

ባትሪን እንደ ጎተራ አስቡት። ስንት ቀን ያበላል የሚለውን ለማወቅ ሁለት ነገር ይበቃል፤ ምን ያህል እህል ገብቷል፣ ቤተሰቡስ በቀን ስንት ይበላል። ለታወሩም ስሌቱ ያው ነው።

አንድ ታወር በአማካይ 1,200 ዋት ይበላል እንበል። እንደ ዕቃው ብዛት ከዚህ የሚያንስም፣ በጣም የሚበልጥም አለ፤ ይህን ለስሌት እንዲመቸን ነው የያዝኩት። ባትሪው 48 ቮልት፣ የሚይዘው መጠን ደግሞ 200 አምፔር ሰዓት ነው እንበል። 48ን በ200 ስናባዛ 9,600 ዋት ሰዓት ይመጣል። 9,600ን ለ1,200 ስናካፍል 8 ሰዓት ይሆናል። በወረቀት ላይ ታወሩ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ይቆያል ማለት ነው።

በተግባር ግን እንዲህ አይሆንም። ብዙዎቹ ታወሮች ለረጅም ዘመን የተጠቀሙት የእርሳስ ባትሪ ነው። ከመኪና ባትሪ ጋር አንድ ወገን ነው፤ እርሳስና አሲድ። ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ በ1859 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የሠራው ነው፤ እስከ ዛሬ በመሠረቱ አልተቀየረም። ጠንካራ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ሲያረጅ እርሳሱ ቀልጦ እንደገና ይሠራበታል። ግን አንድ ጠባይ አለው። አዘውትራችሁ ከግማሽ በታች ካወረዳችሁት ቶሎ ይሞታል።

ገበሬ ጎተራው ውስጥ ያለውን እህል ሁሉ አይበላም። ለዘር የሚሆነው ይቀመጣል። ቢርበውም አይነካውም፤ ያንን ከበላ የሚቀጥለው ዓመት የለም። የእርሳስ ባትሪ የታችኛው ግማሽ እንደዚያ ዘር ነው። አንዴ ሁለቴ ቢነካ ያልፋል። በየቀኑ ከተበላ ግን ባትሪው በሁለት ክረምት ውስጥ ባዶ ሳጥን ይሆናል። ስለዚህ ከ8ቱ ሰዓት ሳይጨነቁ የሚጠቀሙበት 4 ሰዓት ያህል ነው።

ካቢኔው ውስጥ ባትሪው ጨርሶ ባዶ እንዳይሆን የሚጠብቅ መቁረጫ አለ። ሙሉ ሆኖ በተጠንቀቅ ያለ ባትሪ 54 ቮልት አካባቢ ያሳያል። እየተበላ ሲሄድ ቮልቴጁ ይወርዳል። 43 ቮልት ገደማ ሲደርስ መቁረጫው «ጣ» ብሎ ይዘጋል። ባትሪው ከመሞት ይድናል፤ ኔትወርኩ ግን ይጠፋል። ስልካችን ላይ ያሉት ዘንጎች ድንገት ባዶ የሚሆኑት በዚያች «ጣ» ነው።

ብዙ ቦታ መቁረጫው ሁለት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ብዙ ኃይል የሚበላውን፣ የኢንተርኔቱን ክፍል ያጠፋል። ድምፁን ለመጨረሻ ያቆየዋል። መብራት ጠፍቶ ጥቂት ሰዓት ካለፈ በኋላ ዳታው እምቢ ብሎ ጥሪው የሚሠራበት ጊዜ ያጋጠማችሁ ለዚህ ሊሆን ይችላል። ትክክለኛ ውሳኔ ነው ብዬ አምናለሁ። ምጥ የያዛት ሴት ቤት አምቡላንስ ለመጥራት የሚያስፈልገው ጥሪ ነውና።

ረቡዕ ዕለት ምን ሆነ?

አሁን ወደ እናቴ ጥያቄ። መልሱን ያገኘሁት መብራቱ መቼ እንደጠፋ ሳይሆን መቼ እንደመጣ ስጠይቃት ነው። «ማክሰኞ ቀን 8 ሰዓት ላይ መጣ። ረቡዕ 11 ሰዓት ላይ መጣና ወዲያው 12 ሰዓት ላይ ሄደ» አለችኝ።

የእርሳስ ባትሪ ሲሞላ ቀስ ብሎ ነው። እንዳይጎዳ ሲባል በሰዓት ከአቅሙ አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ እንዲገባለት ይደረጋል። ሰኞ ማታ ባትሪው ሙሉ ነበር። እኛ ወሬያችንን ጨርሰን ተኛን፤ ታወሩ ግን ሌሊቱን እስኪያልቅበት ሠራ። ማክሰኞ ከ8 እስከ 12 ሰዓት 4 ሰዓት ብቻ ሞላ። ያ ከሙሉው 40 በመቶ ያህል ነው። ከዚያ ላይ ብክነቱና የባትሪው እርጅና ሲቀነስ 2 ሰዓት ያህል አቆየ። ረቡዕ የሞላው ለ1 ሰዓት ብቻ ነው። የሰጠውም ግማሽ ሰዓት። ጎተራው ባዶ ሆኖ ሳለ ነው መብራቱ እንደገና የጠፋው።

ብዙ ሰው ባትሪን የሚገድለው መብራት መጥፋቱ ይመስለዋል። የሚገድለው ግን በሁለት መጥፋት መሃል ያለው ጊዜ ማጠሩ ነው። የ6 ሰዓት መጥፋት ተከትሎት ሙሉ ቀን መብራት ካለ ባትሪው ያገግማል። በየቀኑ ጠፍቶ ሦስት አራት ሰዓት ብቻ ብቅ የሚል መብራት ግን ባትሪውን ቀስ እያለ ይቀብረዋል።

የሚቀብረውም እንዲህ ነው። የእርሳስ ባትሪ ኃይል ሲሰጥ ውስጡ ባሉት የእርሳስ ሰሌዳዎች ላይ ሰልፌት የሚባል ነጭ ነገር ይፈጠራል። ሲሞላ ይሄው ሰልፌት ተመልሶ ይሟሟል። ሳይሞላ ካደረ ግን ይጠጥራል። ድስት ሥር እንደ ተቃጠለ ሽሮ ነው፤ ወዲያው ካጠቡት ይለቃል፣ ሲያድር ይደርቅና በፌሮም አይነሳም። የጠጠረበት የሰሌዳ ክፍል ከሥራ ወጣ ማለት ነው። የመጨረሻዋ 20 በመቶ ደግሞ ለመሙላት ብዙ ሰዓት የምትፈጅ ናት። ሰልፌቱን ጠርጎ የሚያወጣውም ያ የመጨረሻው ሰዓት ነው። አጭር መብራት እዚያ አይደርስም።

በባለሙያዎች ዘንድ አንድ የእርሳስ ባትሪ አቅሙ ከአዲስነቱ ወደ 80 በመቶ ሲወርድ ዕድሜው አልቋል ይባላል። ከዚያ በኋላ ቁልቁለት ነው። ችግሩ ከውጭ አይታይም። መብራት እስካለ ድረስ ታወሩ ጤነኛ ነው። የሚታወቀው በጨለማው ቀን ነው።

አንድ ጊዜ የከፈትኩትን ካቢኔ አልረሳውም። የታወር ሳይሆን የአንድ ትልቅ ግቢ መጠባበቂያ ነበር፤ ባትሪዎቹ ግን ያው ናቸው። ከአራቱ አንዱ ሆዱ ተነፍቶ ጎረቤቱን ተጭኖታል። ጫፉ ላይ አረንጓዴ ነጭ ዱቄት ተጋግሯል። ሦስቱ ደኅና ነበሩ። ግን አራቱ አንድ መስመር ላይ ስለተቀጣጠሉ የሚሄዱት በደካማው እግር ነው። እንደ ተጠመደ በሬ ነው፤ አንዱ ካነከሰ ማረሻው ይቆማል። አሮጌውን በአዲስ ተክቶ ከሦስት አሮጌ ጋር ማጣመድም አይረዳም፤ አዲሱ የአሮጌዎቹን ጠባይ ይዞ ቶሎ ያረጃል። ለዚህ ነው ባለሙያው አራቱንም ቀይሩ ሲል ገንዘብ ሊያስወጣችሁ ፈልጎ የማይሆነው።

ስርቆትም የሚጎዳው በዚሁ መንገድ ነው። ከመስመሩ አንዷን ባትሪ ያነሳ ሰው አንድ አራተኛ አልወሰደም። ሙሉውን ወሰደ። የቀሩት ሦስቱ ብቻቸውን ምንም አይሠሩም። በዚያ ማታ ሐኪም ቤት ለመደወል የሞከረ ሰው ሁሉ የዚያን ስርቆት ዕዳ ይከፍላል።

ከዓባይ በረሃ እስከ ጮቄ

ጎጃም ለባትሪ ከባድ አገር ነው። ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ የወረደ ሰው ያውቀዋል። ላይ ካፖርት ለብሳችሁ ነበር፤ ታች ስትደርሱ ካናቴራ ይበዛባችኋል። በሌላ በኩል ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ቆሟል። ሌሊት ውርጭ ይጥላል፣ ጠዋት ሣሩ ነጭ ይሆናል።

ቅድም ያዙልኝ ያልኩት የሙቀት ነገር እዚህ ይመጣል። የእርሳስ ባትሪ የሚመቸው 25 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከዚያ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ያህል ያጥራል። 35 ዲግሪ ላይ የሚኖር ባትሪ ለ10 ዓመት ታስቦ ቢሠራ 5 ዓመት ነው የሚጠበቅበት። ፀሐይ ላይ የቆመ የብረት ካቢኔ ውስጡ ከውጩ አየር የበለጠ እንደሚሞቅ አትርሱ። በቆላው በኩል ጥላ መሥራት፣ ካቢኔውን ነጭ መቀባት፣ የማራገቢያውን ወንፊት ከአቧራ ማጽዳት ቀላል ነገር ይመስላል። ለባትሪው ግን ዓመታት ማለት ነው።

ብርድ ደግሞ ዕድሜውን አይበላም፤ የዕለቱን አቅም ነው የሚቀንሰው። ውርጭ ባለበት ሌሊት የእርሳስ ባትሪ ከሙሉ አቅሙ አምስተኛውን ገደማ ሊደብቅ ይችላል። ሲሞቅ ይመለሳል።

ሊቲየም መፍትሔ ነው?

በብዙ መልኩ፣ አዎ። በታወር የሚገጠመው ሊቲየም ብዙውን ጊዜ ከስልካችን ጋር አንድ ዓይነት አይደለም። ሊቲየም፣ ብረትና ፎስፌት ያለበት ነው። መነሻው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1990ዎቹ በአሜሪካ ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የነበረው የጆን ጉዲናፍ ቡድን ነው። እኚሁ ሰው በዚያው አቆጣጠር በ2019 በሊቲየም ባትሪ ሥራቸው የኬሚስትሪ ኖቤል ከሌሎች ሁለት ሳይንቲስቶች ጋር ሲቀበሉ 97 ዓመታቸው ነበር። ይህ ዓይነቱ ሊቲየም ከስልኩ ይልቅ ይከብዳል፤ ግን በቀላሉ አይቀጣጠልም፣ ዕድሜውም ረጅም ነው።

ለእናቴ ታወር ትልቁ ጥቅሙ ሌላ ነው። ሳይሞላ ቢያድር አይቆጣም። ሰልፌት የሚባል ነገር የለበትም። ግማሽ ሞልቶ ግማሽ ባዶ ሆኖ መኖር ይችላል። ከአቅሙ 80 በመቶውን እና ከዚያም በላይ ያለ ጭንቀት ይሰጣል። የሚሞላውም በፍጥነት ነው፤ በቂ ሬክቲፋየር ካለ በሁለት ሦስት ሰዓት ብዙውን ይመልሳል። ያቺ የማክሰኞ 4 ሰዓት መብራት ለእርሳሱ 40 በመቶ ሰጠች። ለሊቲየሙ ሙሉ ልትሆን ትችል ነበር።

የዕድሜውን ነገር በቁጥር እንየው። የእርሳስ ባትሪ ጠልቆ እየወረደ ሲሠራ የሚችለው ጥቂት መቶ ጊዜ ነው፤ 500 እንበል። መብራት በየቀኑ በሚጠፋበት ቦታ ይህ ዓመት ከአምስት ወር አይሞላም። ሊቲየሙ ከ3,000 ጊዜ በላይ ይችላል። በየቀኑ ቢሠራ እንኳ 8 ዓመት። ሲገዛ ውድ ነው። በ8 ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ የእርሳስ ባትሪ እንደሚቀየር፣ ለእያንዳንዱ ጉዞ ምን እንደሚወጣ ሲደመር ግን ነገሩ ይገለበጣል። መብራት በዓመት አምስት ስድስት ጊዜ ብቻ በሚጠፋበት ከተማ ደግሞ እርሳሱ አሁንም ይበቃል። ሁሉም ቦታ ሊቲየም ይግባ የሚል ሰው የቦታውን ጠባይ አላየም።

ሊቲየሙ አንድ ድካም አለው፤ ጮቄ አካባቢ ደግሞ ትልቅ ነው። ከ0 ዲግሪ በታች መሞላት የለበትም። በዚያ ብርድ ከሞላችሁት ውስጡ ላይ ሊቲየም እንደ ሽፋን ይለጠፍና ባትሪው ለዘለቄታው ይጎዳል። ኃይል መስጠት ግን ይችላል። ለዚህ ሲባል እያንዳንዱ ጥቅል ውስጥ ሙቀቱንና በውስጡ ያለውን የእያንዳንዱን ትንሽ ባትሪ ቮልቴጅ የሚከታተል የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ አለ። ቢኤምኤስ ይሉታል። ቢበርደው «አልሞላም» ይላል፤ ቢሞቀውም ቢያልቅበትም ራሱን ይዘጋል። ለደጋ የሚሆኑ ማሞቂያ ያለባቸውም ተሠርተዋል። ባትሪ ሲታዘዝ ቦታው ዓባይ በረሃ ነው ወይስ ጮቄ ብሎ መጠየቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ጀነሬተሩስ?

ብዙ ሰው ጀነሬተር ካለ ባትሪ ምን ያደርጋል ይላል። ጀነሬተር ለመነሳት ሴኮንዶች ይፈልጋል፤ በዚያች መሃል ባትሪ ከሌለ ሁሉም ነገር ይጠፋል። ከዚያም ሲነሳ ችግር አለው። ናፍጣ ሞተር ቀላል ሥራ አይወድም። ብዙ አቅም ያለው ሞተር ትንሽ ታወር ብቻ ሲመግብ ናፍጣው በደንብ አይነድም፤ ጥላሸት ይይዛል፣ ጭሱ ይጠቁራል፣ ዕድሜው ያጥራል። የተሻለው መንገድ ጀነሬተሩ ሁለት ሦስት ሰዓት በሙሉ ጉልበቱ ሠርቶ ባትሪውን ሞልቶ እንዲጠፋ፣ ቀሪውን ሰዓት ባትሪው እንዲሸከም ማድረግ ነው። በዚህ አሠራር ላይ ቶሎ የሚሞላው ሊቲየም በጣም ይጠቅማል።

ከፍታም አለ። አየሩ ሲሳሳ፣ ቱርቦ የሚባለው አየር የሚገፋ ዕቃ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ 1 በመቶ ያህል ያጣል። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ወረቀቱ ላይ 10 ኪሎዋት የሚል ጀነሬተር እዚያ 8 ቢሰጥ አይገርምም። ክረምት ሲሆን ደግሞ ናፍጣ የጫነ መኪና ጭቃው ውስጥ ይቀራል።

ሶላር ናፍጣ አይፈልግም፤ በበጋ እጅግ ደስ ይላል። በሐምሌና በነሐሴ ግን ደመናው ይወርዳል። መብረቅና ነፋስ መስመሩን የሚመቱትም በዚሁ ወር ነው። ከሁሉም በላይ በሚያስፈልግበት ሰዓት ሶላሩ ይደክማል። ስለዚህ ለጎጃም ሶላር ሲታሰብ ስሌቱ መሠራት ያለበት በነሐሴ ፀሐይ ነው፤ በጥር ፀሐይ የተሠራ ስሌት በክረምት ያዋርዳል።

«ግድቡ አልቆ መብራት ለምን ይጠፋል?» የሚለውንም እሰማለሁ። የሕዳሴው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ አቅሙ 5,150 ሜጋዋት ነው። ያ የምንጩ ጉዳይ ነው። ከምንጩ እስከ እናቴ ቤት ያለው ግን 15 ወይም 33 ሺህ ቮልት ተሸክሞ ጫካና ገደል የሚያቋርጥ ቀጭን መስመር ነው። አንድ ባሕር ዛፍ ቢወድቅበት ግድቡ ምንም አያደርግለትም። ምንጩ በዛ ማለት ቧንቧው ተጠገነ ማለት አይደለም።

የእኛ መብራት እያለ ኔትወርክ ለምን ይጠፋል?

ይህን ደግሞ ብዙ ሰው በጣም ይናደድበታል። መብራት አለ፣ ታወሩ ከፊታችን ቆሟል፣ ስልኩ ግን ዝም። መልሱ ታወሩ ላይ ራሱ ይታያል። ቀና ብላችሁ እዩት። ረጃጅሞቹ ሰሌዳዎች ከእኛ ስልክ ጋር የሚያወሩ ናቸው። ከእነሱ ጋር ክብ፣ ከበሮ የሚመስሉ ነገሮች ይታያሉ። እነዚያ ከሌላ ታወር ጋር ያወራሉ።

አንድ ታወር ብቻውን የትም አይደርስም። ድምፃችንን ተቀብሎ በከበሮው ለቀጣዩ ተራራ ታወር ይወረውራል፤ ያም ለሌላው፣ ፋይበር እስኪያገኝ ድረስ። ከበሮዎቹ ደግሞ መተያየት አለባቸው። በመሃላቸው ተራራ ከገባ አይሰማሙም። እንደ ጎጃም ባለ ወጣ ገባ አገር ከፍ ያለ ጉብታ ላይ የተተከለ አንድ ታወር የብዙ ቀበሌ ማለፊያ ይሆናል። እዚያ ላይ መብራት ጠፍቶ ባትሪ ካለቀ ከሥሩ ያሉት ሁሉ አብረው ይጠፋሉ፤ የራሳቸው ባትሪ ጢም ብሎ ሞልቶ ቢሆንም።

ስለዚህ ሁሉም ታወር እኩል ባትሪ አይገባውም። የብዙዎች ማለፊያ የሆነው፣ የበር ታወር የምለው፣ ከሌሎቹ ሁለት ሦስት እጥፍ ሊሰጠው ይገባል። እኔ ብጠየቅ ያለችውን ገንዘብ በእኩል ከማከፋፈል መጀመሪያ የበር ታወሮቹን አጠናክራለሁ። አንድ ቦታ የተጨመረ ባትሪ አሥር ቦታ ይታያል።

ይህ ነገር የድሃ አገር ጉዳይ ብቻ እንዳይመስለን። ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. በስፔንና በፖርቱጋል ከዳር እስከ ዳር መብራት ጠፋ። መጀመሪያ ላይ ስልኩ ይሠራ ነበር። ሰዓቱ ሲገፋ የታወሮቹ ባትሪ ማለቅ ጀመረ፤ ኔትወርኩም በየቦታው እየተቆረጠ ሄደ። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት ደግሞ ሰደድ እሳት በሚያሰጋቸው አካባቢዎች የቴሌኮም ድርጅቶች የ72 ሰዓት መጠባበቂያ እንዲኖራቸው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2020 ደንብ አውጥታለች። ሰዓቱን በሕግ መወሰን ይቻላል ማለት ነው።

ከእኛ እጅ ያለው

ታወሩ ሲጠፋ ስልካችሁ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ሌላ ታወር ይፈልጋል። ጉልበቱን ጨምሮ ደጋግሞ ይጣራል፤ ባትሪው ቶሎ የሚያልቀው ለዚህ ነው። ኔትወርክ ሙሉ በሙሉ ከጠፋ ስልኩን አውሮፕላኑ ምልክት ላይ አድርጉት። በየግማሽ ሰዓቱ አንዴ ከፍታችሁ ሞክሩ። መብራት ሲመለስም ወዲያው ተስፋ አትቁረጡ። የታወሩ ዕቃ እንደ ኮምፒውተር ነው፤ እስኪነሳና ከጎረቤቶቹ ጋር እስኪተዋወቅ ደቂቃዎች ይፈልጋል።

ስታመለክቱ ደግሞ «ኔትወርክ የለም» ብቻ አትበሉ። እናቴ አሁን የቀን መቁጠሪያው ጀርባ ላይ ሦስት ሰዓት ትጽፋለች፤ መብራቱ የጠፋበትን፣ ኔትወርኩ የጠፋበትን፣ መብራቱ የተመለሰበትን። ከእነዚህ ብዙ ነገር ይነበባል። መብራትና ኔትወርክ በአንዴ ከጠፉ ባትሪው የለም፣ ሞቷል፣ ወይም ኬብሉ ተነቅሏል። ቀን ሙሉ መብራት ኖሮ ማታ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከጠፋ ባትሪው አርጅቷል። እንደ እናቴ ረቡዕ ከሆነ ባትሪው ገና ሳይሞላ ነው የተያዘው። መብራት እያለ ከጠፋ ደግሞ ባለሙያው የእናንተን ታወር ትቶ መጀመሪያ ከበሮው ወደሚያይበት ተራራ ይሂድ።